የታጠበው እንስራ

ሰሞኑን እዚህ ጆሃንስበርግ በፎርድስበርግ ገበያ ሳልፍ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሽታ ይዞ አቆመኝ። ባለሱቁ ማር በጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ከጓዳው ሰም እያቀለጠ ኖሯል። በሩ ላይ ደግሞ ከዚያ ክፉ ዘመን የተረፈች የሳኒታይዘር ጠርሙስ ዛሬም በገመድ ታስራ ተንጠልጥላለች። የሰሙና የሳኒታይዘሩ ሽታ አንድ ላይ መጣብኝና ዓይኔን ጨፍኜ ቀረሁ። ሰውየው ያመመኝ መስሎት "ጎጎ፣ አር ዩ ኦኬ?" አለኝ፤ ጎጎ እዚህ አገር አያትን የሚጠሩበት ነው። ደህና ነኝ ብዬው ምንም ሳልገዛ ወጣሁ። ደህና ከመሆንም አልፌ ነበር። በአንድ ትንፋሽ መጀመሪያ ወደ ኮሮናው ጊዜ፣ ከዚያም ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ፣ ከአክሱም በስተ ምሥራቅ ወዳለች አንዲት መንደር ሄጄ፣ ኮንጎ ጫማዬን አውልቄ ከሳፋ ፊት ተቀምጬ ነበር። ሽታ ፓስፖርትም ቪዛም አይጠይቅም። እዚህ አገር ወረቀት ለማሳደስ ስንት ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ለተሰለፍኩት ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የኮሮናውን ጊዜ ሰው ሁሉ እንደ መጥፎ ሕልም ሊረሳው ይፈልጋል። እኔ አልፈልግም። በእርግጥ ፈርተናል፤ ቀብራቸው ላይ ሳንቆም በስልክ ያለቀስንላቸው ወዳጆች አሉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ግን ልቤ በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ በደስታ ዘሎ አያውቅም። ያኔም እንደ ዛሬው የምንኖረው ሜይፌር ነው። ልጄ ሄለን ከቤት ትሠራለች፤ ባሏ ከከተማው ዳር ቮስሎሩስ ካለችው ስፓዛ ከሚሏት የሰፈር ሱቁ መመላለሱ አስፈርቶት እዚያው ያድራል። አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁት እኔ ደግሞ ሥራዬ ማጠብ ሆነ። ዳቦው ከነላስቲኩ፣ ቲማቲሙ አንድ በአንድ፣ ቁልፉ፣ የሄለን ስልክ፣ ሁሉም በእኔ እጅ ሳያልፍ ቤት አይገባም። የሳርዲን ቆርቆሮ በሳሙና አጥቤ አጥር ላይ ፀሐይ አስመታለሁ። የበሩ እጀታ ከመታሸቱ ብዛት ቀለሙን ለቀቀ። ሄለን "እማዬ፣ ዳቦውን ራሱን እንዳታጥቢው አደራ!" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የቆሸሸ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል፤ ይህ አመሌ ምን ጉድ እንዳመጣብኝ ግን ለእሷም ነግሬያት አላውቅም ነበር።

መንገዱ ጭር ብሎ ወታደር በመኪና የሚዞርበት፣ ሲጋራና መጠጥ የተከለከለበት፣ አናናስ ድንገት የተወደደበት ወቅት ነው። አናናሱን ሰው በየጓሮው በባልዲ ይጠምቀው ነበር። ጎረቤታችን አንዲት የዙሉ ሴት በአጥሩ በኩል ምን እንዳጎደለች ስትጠይቀኝ፣ ጠላ ጠምቄ የማውቅ ነኝና ቀስ ብዬ እመክራታለሁ፤ ቀሲስ እንዳይሰሙ ብቻ። ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቶ ጸሎቱ ሁሉ በስልክ ሆኗል። ጧፍ የሚሸጥልን ሰው ስለጠፋ፣ ሄለን ከዚያው ከፎርድስበርጉ ማር ሻጭ ግማሽ ኪሎ ሰም አመጣችልኝ። በአሮጌ የወተት ጣሳ አድርጌ፣ ጣሳውን የፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጬ አቀለጥኩት። የጥጥ ፈትሉን ነክሬ ሳወጣ እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ጧፍ በገዛ እጄ ከሠራሁ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁልጊዜ ገዝቼ ነው፤ ለምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና አንድ የሞቱ ሰው ብቻ ነን።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለመምህራን ማሠልጠኛ ፈተና የምጠባበቅ፣ ጸጉሬን አፍሮ ያበጠርኩ፣ አንዲት የቴትሮን ጉርድ ያለችኝ ልጅ ነበርኩ። ከመንደራችን ዳር ካለችው ጉብታ ሥር የንግሥተ ሳባ ዘመን ግንብ ተቀብሯል ተባለና አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ድንኳኑን ይዞ መጣ። የነቢያቱ ዘመን! የሰሎሞን ዘመን! በመጽሐፍ ብቻ ስንሰማው የኖርነው ነገር እኛ ባቄላ ከምንዘራበት ማሳ ሥር ተኝቷል ሲባል መንደሩ እንቅልፍ አጣ። ወንድ በቀን አንድ ብር፣ ሴት ሰባ አምስት ሳንቲም ይከፈለን ነበር። ሻይ በአምስት ሳንቲም ነው፤ ኮንጎ ጫማዋን የገዛሁት በሦስት ቀን ደመወዝ ነው፤ ፕላስቲክ ስለሆነች ቀትር ላይ እግር ትቀቅላለች፣ ግን ታብረቀርቃለች። የፕሮፌሰሩ ሾፌር ትራንዚስተር ራዲዮ ነበረችውና በምሳ ሰዓት የከተማ ዘፈን እንሰማለን። ሽማግሌዎቹ ነውር ነው ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እግራቸው ግን ምቱን ይከተላል። ቆፋሪዎቹ ስባሪ ገሉን በዘንቢል ያመጡልኛል፣ እኔ ከሾላው ዛፍ አጠገብ ተቀምጬ በሳፋ ውሃ በብሩሽ አጥበዋለሁ፣ ሲደርቅ ደግሞ በቀጭን ብዕር ጀርባው ላይ ቁጥሩን እጽፍበታለሁ። ጽሕፈቴ የጤፍ ፍሬ ያህላል ይሉኝ ነበር። ኋላ አስተማሪ ሆኜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ያሉት ተማሪዎች አይታየንም እያሉ ሲያጉረመርሙ የኖሩት በዚያ ልማድ የተነሳ ነው።

ካቦው አቦይ ተክሉ ነበሩ። አቦይ በእኛ አገር አባት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰውም እንዲሁ ይጠራበታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳይቸኩሉ የሚናገሩ ሰው። ከግምበኝነት ዘመናቸው የተረፈች ካዙላ፣ የግምበኛ ማንኪያ፣ ነበረቻቸው፤ በእጀታዋ መሬቱን መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። "እዚህ ድንጋይ ነው፤ እዚህ ባዶ ነው" ይላሉ፤ ተቆፍሮ ሲታይ እንዳሉት ነው። ፕሮፌሰሩ እንኳ ካርታውን አጥፎ እሳቸውን የሚከተልበት ቀን ነበር። እንስራውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ተንበርክከው በብሩሽና በጣታቸው አወጡት፤ አንድም ቦታ ያልተሰነጠቀ፣ አንገቱ ላይ የዋልያ ቀንድ ጌጥ የዞረበት እንስራ። ያን ዕለት ሴቱ እልል አለ፣ እኔም ድምፄ እስኪዘጋ እልል ብያለሁ። ወደ ድንኳኑ ሲያስገቡት ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ልጄ፣ እንስራ ብቻውን አይቀመጥም። ጓደኛው ከቆፈርነው የድንጋይ ግድግዳ ወዲያ አለ፤ ድምፁን ሰምቼዋለሁ" አሉኝ። ዓይናቸው እንደ ሕፃን ዓይን ይበራ ነበር።

በማግሥቱ ትልልቅ ሰዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ በግ ታረደ፣ እንስራው ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ለምሳ ሲሄድ እኔ ብቻዬን ቀረሁና ወደ ውስጡ አየሁ። ከታች እስከ ወገቡ ጥቁር ነገር ተለጥፎበታል። አሁን ደንቡን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም። ውስጡ ነገር ያለበት ዕቃ ፕሮፌሰሩ ሳያየው እንዳይታጠብ ተነግሮናል፤ ፕሮፌሰሩ ከእንግዶቹ በኋላ ሊመረምረው ነው። ግን እንግዳ እየመጣ ነው! ውስጡ የጠቆረ እንስራ ለእንግዳ ማቅረብ የቤቱ ሴት ውርደት ነው፤ እዚያ ሰፈር ደግሞ ዕቃ አጣቢዋ እኔ ነኝ። ሰዎቹ ጎንበስ ብለው አይተው "የማን ሴት ናት?" ቢሉስ? ከወጥ ቤቱ የፈላ ውሃ አመጣሁ፣ አመድና አሸዋ ጨመርኩ። አፉ የፕሮፌሰሩን ክንድ አያሳልፍም፤ የእኔን ያሳልፋል። እስከ ብብቴ ድረስ አስገብቼ እናቴ እንዳስተማረችኝ ፈተግሁት።

ያኔ ነው ሽታው የመጣው። ውሃው ላይ ቢጫ ነገር ተንሳፈፈ፤ ጎንበስ ብዬ ሳሸተው ሰም ነው። ከነቢያቱ ዘመን ጀምሮ እንስራው ውስጥ የተቀመጠ ሰም፣ ውሃ ሲነካው ገና ትናንት ከቀፎ እንደወጣ ሸተተኝ። ሞኝነቴን እዩልኝ፤ ይህ ነገር ምን ይሆን ብዬ ሮጬ ሰው አልጠራሁም። ሰም አይጣልም ብዬ በማንኪያ ገፈፍኩት፣ ሲቀዘቅዝ የዋንዛ ፍሬ የምታህል ድቡልቡል ሆነች። ቀሚሴ ጫፍ ላይ ካለው ጥጥ መዝዤ አጭር ጧፍ አደረግኋትና፣ ፈተናውን እንዳልፍ ብዬ ተስዬ በዚያው ምሳ ሰዓት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አበራኋት። ፈተናውን አልፌያለሁ። የሳባ ዘመን ንብ የሠራችው ሰም ነው ያሳለፈኝ ብዬ ብቻዬን የሳቅሁበት ቀን አለ፤ ብቻዬን ያለቀስኩበት ግን ይበልጣል።

እንግዶቹ መጡ፤ እንስራውን አደነቁ። አንደኛው እንዲያውም "እንዴት ያለ ንጹሕ ነው!" አሉ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ በኩራት ደረቴ ተነፋ። ከዚያ ፕሮፌሰሩ በባትሪ ወደ ውስጡ አየ። ሰውየው አልጮኸም። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ እንደ ለቅሶ ቤት ቁጭ አለ። አስተርጓሚው "ማን ነው ያጠበው?" ብሎ ጠየቀ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አቦይ ተክሉ ዞር ብለው እጄን አዩ፤ እስከ ክንዴ ድረስ አመዱ ገና አልለቀቀም ነበር። ከዚያ ወደ ፊት ወጥተው "እኔ ነኝ" አሉ። መንደሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። በእኛ አገር በዚያን ዘመን ወንድ ልጅ እንስራ አጠበ ማለት ቀሚስ ለበሰ ከማለት አይተናነስም። ከማግሥቱ ጀምሮ አቦይ ተክሉ ካዙላቸውን ተቀምተው አፈር ተሸካሚ ሆኑ። ከግድግዳው ወዲያ አለ ያሉት እንስራም ሰሚ አላገኘም። ብዙም ሳይቆይ ዘመኑ ተለወጠና ፈረንጆቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ ጉድጓዱ ተመልሶ ተደፈነ። ለእሳቸው የቀረላቸው "አጣቢው ተክሉ" የሚል ስም ብቻ ነው።

ወደ ማሠልጠኛው የምሄድ ዕለት አውቶቡስ ድረስ ሸኙኝ። "አቦይ፣ ለምን?" አልኳቸው። "ቢያባርሩሽ ለአውቶቡሱ ከየት ታመጪ ነበር?" አሉኝና በትከሻዬ ገፍተው አሳፈሩኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። መሞታቸውን የሰማሁት አዲስ አበባ ሆኜ ነው። ያን ጊዜ እንኳ ለመናገር አልደፈርኩም።

እንግዲህ ጧፉን ሠርቼ ሳምንት አልሞላኝም፤ ቀሲስ የእሑዱን ትምህርት በዙም ሲከፍቱ "ዛሬ እንግዳ አለን" አሉ። ዶክተር ዮናስ ይባላል፤ ለአንድ ወር ጥናት ጆሃንስበርግ መጥቶ በረራ ሲቆም እዚሁ የቀረ የአርኪዮሎጂ ሰው ነው። ሳይደግስ አይጣላም የሚባለው ይኼ ነው። ከቮስሎሩስ አማቼ፣ ከዲፕስሉት ከሱቅ ፍርግርግ ጀርባ የሚከታተሉ ልጆች፣ ስልሳ የምንሆን ሰዎች በየስልካችን ተሰብስበናል። ልጁ ሲናገር ያስደስታል፤ ሥዕል ባሳየ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል። "ይህ ቦታ የሰሎሞን ዘመን ነው ብዬ አልምልም" አለ፣ "ግን ጎረቤቱ ነው! በረራ እንደተከፈተ ተመልሰን ልንቆፍር ነው።" ቀጠለና አንድ አሮጌ ፎቶ አወጣ። ጉብታችን! ድንኳኑ፣ ሾላው፣ ዘንቢል የተሸከሙት ሰዎች፣ ከዳር ደግሞ አፍሮዋን ያበጠረች አንዲት ቀጭን ልጅ ሳፋ ፊት ተቀምጣለች። ሻዩ ከእጄ ወደቀ።

ቀጥሎ እንስራውን አሳየ። "ይህ ትልቅ እንቆቅልሽ ነው። ምን ይቀመጥበት እንደነበር ማወቅ አልቻልንም። የፕሮፌሰሩ ማስታወሻ እንደሚለው አንድ ግዴለሽ ካቦ በአሸዋ ፈትጎ አጥቦታል። የመንደሩ ሰው እስከ ዛሬ ቤተሰቡን በዚሁ ስም ይጠራዋል፤ ልጁ ለምለም ውሃ ስትቀዳ 'የአጣቢው ልጅ' ሲሏት እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።" ስልሳውም ሰው ሳቀ። ሳጥን ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ፊቶች በሙሉ። ለምለምን አውቃታለሁ። ትንሽ ልጅ ሆና ለአባቷ ምሳ ስታመጣ ጸጉሯን እሠራላት ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የእኔን ስም ተሸክማ ኖራለች ማለት ነው።

"ሄለን፣ ድምፄን ክፈቺልኝ" አልኳት። "እማዬ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው።" "ክፈቺው አልኩሽ!" ከፈተችው። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ጀመርኩ። "አቦይ ተክሉ ግዴለሽ አልነበሩም። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያቺ ዳር የተቀመጠችው እኔ ነኝ።" ሠላሳ ስምንት ዓመት ክፍል ፊት የቆምኩ ሴት፣ ድምፄ እንደ ፍየል ግልገል ተንቀጠቀጠ። እንግዳውን፣ አመዱን፣ ሳቁን፣ ሰሙን፣ ጧፉን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ስጨርስ መጀመሪያ የሰማሁት የቀሲስን ድምፅ ነው። "እማማ ጽጌ፣ ሰሙስ መቅደስ ነው የገባው፤ አልጠፋም። የሰውየው ስም ነው መመለስ ያለበት" አሉ። ዶክተር ዮናስ ግን ከወንበሩ ተነስቶ ቆሞ ኖሯል፤ በስክሪኑ የሚታየን ሆዱ ብቻ ነው። "ሰም?" ይላል። "ሰም ነው ያሉት? እማማ፣ አድራሻዎን ይስጡኝ!"

በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ ከፎርድስበርግ በእግሩ መጣ። ማስክ አድርጎ ከብረት በሩ ውጭ ቆመ፤ እኔም ማስኬን አድርጌ ከውስጥ፣ በመካከላችን ደንቡ የሚያዘው አንድ ሜትር ተኩል። ሄለን ወንበር አውጥታ ሰጠችው። የወተት ጣሳውን በትንሽ የጋዝ ምድጃ ላይ ጣድኩና ሰሙ ሲቀልጥ "ይኸው፣ ይኼ ነው ሽታው" አልኩት። ዶክተሩ ደንቡን ረስቶ ማስኩን ዝቅ አድርጎ አሸተተና መሳቅ ጀመረ። "እማማ፣ ሸክላ ይጠጣል። እርስዎ ላዩን ነው ያጠቡት፤ የጠጣውን በአመድ ማውጣት አይቻልም። እንስራው ግምጃ ቤት ነው ያለው፤ ምን እንደምንፈልግ ካወቅን ማግኘት እንችላለን። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ምን እንደያዘ ሳናውቅ ኖረን!" "አልጠፋም?" አልኩት። "አልጠፋም!" እልል አልኩ። የዙሉዋ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ነገሩ ሳይገባት እሷም በራሷ አገር እልልታ ተቀበለችኝ።

"ገና አልጨረስኩም" አልኩት። "አቦይ ተክሉ ጓደኛው ከግድግዳው ወዲያ አለ ብለዋል።" የሄለንን ወረቀት አስመጣሁና ሣልኩለት። ሾላው እዚህ፣ የእኔ ሳፋ እዚህ፤ ውሃ የምደፋበትን ቦታ እግሬ ስለሚያውቀው ከሳፋው እስከ ጉድጓዱ አፍ አሥራ አራት እርምጃ፣ ከዚያ የድንጋዩ ግድግዳ ወደ ፀሐይ መውጫ። ወረቀቱን በበሩ ሥር አሳልፌ ሰጠሁት። አብሬ አንድ የታሸገ ደብዳቤም ሰጠሁት፤ ሌሊቱን ስጽፍ ያደርኩት፣ በዚያችው የጤፍ ፍሬ በምታህል ጽሕፈት። "ይህንን ለለምለም። እሷ ከፈቀደች ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ፤ አገሩ ሁሉ ይስማ። ሰው ፊት የጠፋ ስም ሰው ፊት ነው የሚመለሰው።" በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

በረራ ሲከፈት ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጦርነት መጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። እዚህ ሆነን በደወልን ቁጥር ያቺን "ሊያገኟቸው አልቻሉም" የምትለውን ሴትዮ እየሰማን ከረምን፤ እሷንም ክፉኛ ጠላኋት። ሁለተኛው ክረምት መጣ፣ የእገዳው ሌቭል ወጣ፣ ሌቭሉ ወረደ፣ ክትባት ተወጋን፣ አናናስ ረከሰ። ደብዳቤዬ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ለምለም በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ሁልጊዜ እሑድ ጧፌን አበራለሁ፤ ሌላ ምን ይደረጋል። ለይቅርታውም ቃላት እመርጥ ነበር። ይህ ይበዛል፣ ይህ ያንሳል እያልኩ፣ የተማሪ ድርሰት እንደማርም፣ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ሰው ማስኩን ረስቶ፣ የአገራችንም ስልክ መልሶ በተከፈተ ሰሞን፣ አንድ ረፋድ ላይ ቲማቲም እያጠብኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። በቪዲዮ ነው። እጄን በቀሚሴ ጠርጌ ስከፍተው ዶክተር ዮናስ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ አፈር በአፈር ሆኖ ታየኝ። "እማማ፣ አሥራ አራት እርምጃ!" ብሎ ስልኩን አዞረው። ሾላው አለ። ግድግዳው አለ። ከግድግዳው ወዲያ አንድ እንስራ ግማሽ አካሉን ከአፈር አውጥቶ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ ያው የዋልያ ቀንድ፣ አፉ በቢጫ ነገር ድፍን ተደርጎ እንደታሸገ። ከጎኑ ነጠላዋን ያጣፋች፣ ጸጉሯ የሸበተ ረጅም ሴት ተንበርክካለች። አንገቷን ስታዘነብል አወቅኋት፤ የአባቷ አንገት ነው። ስልኩን ተቀበለችና ታየኝ ጀመር።

ሁለት ዓመት የመረጥኩት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው። "እንዳታጥቡት!" ብዬ በትግርኛ ጮህኩ። ሄለን ከክፍሏ ሮጣ ወጣች።

ለምለም ሳቀች፤ ቀስ ብሎ የሚጀምር የአባቷ ሳቅ ነው።

"አይዞሽ፣ እትዬ ጽጌ" አለችኝ። "ደብዳቤሽ ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነቧል። በእኛ ቤት እንስራ ያጠበ ሰው የለም።"